ከራሴ ላይ ብድር

እሑድ ጧት፣ አማዶራ፣ አቧራማው ሜዳ፣
ሁለት ለባዶ እየመራን፣ ማንም እኔን ሳይጎዳ፣
ወደ ቀኝ ልታጠፍ አልኩ፤ ገላዬ ዞረ፣
እግሬ ግን መሬቱ ላይ ተቸንክሮ ቀረ።
ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከውስጤ የመጣ፤
በረኛችን ዜፈሪኖ ከማዶ ሰምቶ ከጎሉ ወጣ።

ዶክተር ሌዮኒልደ ፎቶውን ዘረጋች፣
በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጥቁሩን ነካች።
«መስቀለኛው ጅማት እዚህ ጋ ነበረ፤
አሁን እንደ አሮጌ ገመድ ተተረተረ።
ብሰፋው አይዝም፤ ምትኩ ከሌላ ቦታ ይቆረጣል፤
ከየት እንደሆነ ግን ባለ ጉልበቱ ይመርጣል።»

አንደኛው ከጉልበት ሎሚ ሥር፣ ከፊት ለፊት፤
ጫፍና ጫፉ ላይ ይዞ ይወጣል ቁራሽ አጥንት።
አጥንት ከአጥንት ጋር ፈጥኖ ይጋጠማል፣
ኳስ ለሚጫወት ሰው ይሄ ይስማማል።
«ግን» አለች። ይህችን «ግን» እወዳታለሁ፤
ሐኪም «ግን» ሲለኝ ነው እኔ የማምነው።
«ግን መንበርከክ ያማል። ለወራት። አንዳንዱን ለዕድሜ ልኩ።
ሥራህ ምንድን ነው?»

ሥራዬማ መንበርከክ ነው፣ ዶክተር።
ቄስ አይደለሁም፤
የእግረኛ መንገድ ድንጋይ አነጥፋለሁ፣
ነጩን ከጥቁሩ፣ እየጠረብኩ፣ አንድ በአንድ።
ከሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ያ ጥቁር ማዕበል፣
ጠዋት ጠዋት ተረከዝሽ የሚሰነቀርበት፣
የኔ ጉልበት ነው።

ጫማዋን አየች። ሳቀች።

ሁለተኛው ከጭን ኋላ፣ ሁለት ቀጫጭን ጅማት፤
ይታጠፉና አራት፣ ይጠብቁና አንድ ገመድ ይሆናሉ።
መንበርከክን እምብዛም አይነካም፤ ሩጫ ላይ ግን ይሰስታል፣
አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ውሎ አድሮ ይላላል።

ሦስተኛው ከሎሚው በላይ ነው፣ ወፍራም፣ ደንዳና፤
«እኔም እየተማርኩት ነው፣ አልተካንኩበትም ገና»
ስትል፣ ለእውነቷ ባርኔጣዬን አነሳሁ፤
ግን ጀማሪ ጠራቢ አደባባይ መሐል አላሰማራም።

አራተኛው የሞተ ሰው።
በሱ ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ።
ማን ነበር? ደረጃ ለደረጃ የኖረ ፖስተኛ?
ተንበርክኮ ያውቅ ይሆን? ለማን?
የሚያውቀውን ሠፈር ትቶ የኔን መንገድ ይለምዳል?
ደግሞ «ወጣት ላይ ቶሎ ይበጠሳል» ብላለች።
ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ወጣት ካሉኝ ቆይቷል፤
ለዚህች ቃል ብቻ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ባለቤቴ ዲልማ፣ «ኳሱን ተወውና አንዱን ምረጥ» አለች።
«ጅማት ምረጥ እንጂ ኑሮ ምረጥ አላሉኝም» አልኳት።
ሳህኑን ካጠበች በኋላ ደግማ አጠበችው።

ሽማግሌው አናክሌቶ፣ መዶሻ አያያዝ ያስተማረኝ፣
መንገድ መሐል ድንጋይ በጎደለ ቁጥር፣
«አዲስ አታምጣ» ይለኝ ነበር፤ «አዲስ ያስታውቃል።
ከዛፉ ሥር፣ ሰው ከማይረግጠው ጥግ ነቅለህ ሙላ።»
ጥጉስ? ጥጉ ባዶ አይቀርም?
«ይቀራል እንጂ» ይላል፣ አቧራውን እየተፋ፤
«ጉድጓድ አይጠፋም፣ ልጄ፤
ሰው የማይወድቅበት ቦታ ሄዶ ይቀመጣል።»

ሐሙስ ፈረምኩ። ከጭኔ ኋላ፣
እኔም ዞሬ ከማላየው ጥግ።

አሁን ሰባት ወሬ ነው።
በሆዴ ተኝቼ ተረከዜን ወደ ቂጤ ሳነሳ፣
እግሬ መሐል ላይ ይቆማል፣ ጓዳ ገብቶ
ምን ሊያመጣ እንደገባ እንደ ረሳ ሰው።
ከራሴ የተበደርኩትን ለራሴ እከፍላለሁ፣
ወለዱን ማታ ማታ፣ በበረዶ ከረጢት።

ሰኞ፣ ትራም ማቆሚያው ጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበረከክሁ።
ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ጉልበቴ ምንም አላለ።
ከኋላ፣ ከተነቀለው ጥግ፣ አንድ ነገር ሳበኝ፣
እንደሚያውቀኝ ሰው፣ በቀስታ።
መዶሻዬን አነሳሁ።

እሑድ እሑድ፣ ለጊዜው፣
የዜፈሪኖን ጃኬት እይዛለሁ።